አንዱ ያየውን ሁሉም ያያል

ጥቅምት 1፣ ዓርብ

ይህን ደብተር መዳም የገዛችው የእናቷን የመድኃኒት ሰዓት እንድመዘግብበት ነበር። አሮጊቷ በነሐሴ ሞቱ፣ አላህ ይማራቸው። ደብተሩ ከሦስት ገጽ በስተቀር ባዶውን ቀረ። ሦስቱን ቀድጄ ሌላውን ለራሴ አደረግኩት። የማስቀምጠው ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ነው።

ዛሬ አፌን ከፈትኩ። ምን እንደነካኝ አላውቅም።

የሉብናን ክፍል እየወለወልኩ ነበር። የመዳም ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ቤት ተቀምጣ የኮምፒውተር ጌም ትሠራለች፤ በታኅሣሥ ውድድር አለባት። ጌሙ የመጪው ዘመን ጦርነት ነው። በረሃ ላይ ስድስት እግር ያላቸው፣ ሾፌር የሌላቸው የብረት ተሽከርካሪዎች በመንጋ ይሮጣሉ። "ደብዕ" ትላቸዋለች፤ ጅብ ማለት ነው። አንዱ ጅብ ጠላት ካየ፣ ያየውን በመረብ ለሁሉም ያደርሳል። ከኮረብታ ጀርባ ያለው፣ ምንም ያላየው ጅብ እንኳ ያንኑ ዒላማ ይመታል። ዛሬ ግን ሁሉም የሚተኩሱት ባዶ አሸዋ ላይ ነበር። ሉብና ጠረጴዛውን በጡጫ መታችው።

"ሰዓታቸው አይገጥምም" አልኳት፣ መወልወያውን እንደያዝኩ። "እያንዳንዱ በራሱ ሰዓት ነው የሚያወራው። የቆየውን ወሬ እንደ ትኩስ ይቀበላሉ።"

ዞር ብላ አየችኝ። እዚህ ቤት ከገባሁ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ፤ ፊቴን ዛሬ ገና ያየችው መሰለኝ።

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ?"

"ኮምፒውተር ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ደርሼ ነበር።" ጦርነቱ መጣና ቀረ አላልኳትም።

ሰዓቶቹን አንድ ላይ አስማማናቸው። ጅቦቹ መቱ። ሉብና ብድግ ብላ አቀፈችኝ። በረኪና በረኪና እሸት ነበር፤ ግድ አልሰጣትም።

ለይመር ደውዬ ነገርኩት። ታናሽ ወንድሜ ነው፣ እዚሁ ሪያድ መንፉሐ ሰፈር ነው ያለው። በየመን በኩል በእግሩ የገባ፣ ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው። "እታለም፣ በይ መወልወያውን ለእሷ ስጪያትና አንቺ ወንበሩ ላይ ተቀመጪ!" ብሎ ሳቀብኝ።

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

መዳም ምሳ በልታ እስከ ዐስር ሶላት ትተኛለች። ያ ሰዓት የእኔና የሉብና ሆኗል። የመረቡን ሥራ ሙሉ በሙሉ ለእኔ ተወችልኝ፤ እሷ ቀለሙንና መልኩን ትሠራለች።

ዛሬ ጅቦቹ መንደር ሲመቱ አሳየችኝና "እውነት ይመስላል?" አለችኝ።

"ድምፁ ይዘግይ" አልኳት። "መጀመሪያ ግድግዳው ነው የሚወድቀው። ድምፁ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።"

"እንዴት አወቅሽ?"

"ኮምቦልቻ ነበርኩ።"

ኮምቦልቻ የት እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ድምፁን በግማሽ ሰከንድ አዘገየችውና "ማሻአላህ፣ አሁን ሆነ!" አለች።

ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ ትንሽ ቆምኩ። እንዲያው ነው። ጌም ነው።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

እንግዳ። አሥራ አራት ሰው። እጄን የጋለ ዘይት ፈጀኝ። ሉብና ወጥ ቤት በር ላይ መጥታ በሹክሹክታ፣ "ያላ ኢክላስ፣ ጅቦቹ እርስ በርስ ተታኮሱ!" ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። መዳም አየችኝ።

ጥቅምት 15፣ ዓርብ

በሁለት ሳምንት አንዴ ለሦስት ሰዓት ወደ ይመር መሄድ ተፈቅዶልኛል። ዛሬ ሉብና ራሷ አደረሰችኝ። መንፉሐ ስንገባ የመኪናውን በር ከውስጥ ቆለፈችው። አልፈረድኩባትም።

ሰባት ሆነው በአንድ ክፍል ነው የሚያድሩት። የይመር የልብ ጓደኛው ሙሉጌታ ነው፣ የራያ ልጅ። የአንገቱን ማተብ ከሸሚዙ በታች ደብቆ ልስን ይለስናል። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ፍራሽ ላይ ነው የተኙት። ይመር ሲሰግድ ሙሉጌታ የሌሎቹን ወሬ "እሽ!" ብሎ ያስቆማል።

ሁሉም ፊታቸው ጠቁሯል። በዚህ ሳምንት ዶሪያው በዝቷል፤ የፖሊስ መኪኖቹ ማለዳ ሥራ ፈላጊ በሚቆምበት ማዕዘን ላይ ድንገት ይደርሳሉ። አንዱ ሲያይ ይጮሃል፣ የሰማ ይሮጣል፣ ያልሰማ ይያዛል።

"እህቴ፣ ጩኸት ከአንድ መንገድ አያልፍም" አለኝ ሙሉጌታ። "እኔ ወዲህ ስጮህ እነ ጀዋር ወዲያ ማዶ ሻይ እየጠጡ ተያዙ። ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ቀረ።"

ይመር ቁርጭምጭሚቱን ያሻል። ድንበር ሲያቋርጥ የተሰበረው ነው፤ እንደ ሌሎቹ መሮጥ አይችልም።

በመኪና ስመለስ ሉብና ስለ ጅቦቹ ታወራ ነበር። እኔ ሌላ ነገር አስብ ነበር። አንዱ ያየውን ሁሉም ቢያይስ?

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ

ሠራሁት። አዲስ ነገር አልፈጠርኩም። የጅቦቹን መረብ እንዳለ ገልብጬ በሪያድ ካርታ ላይ አሰፈርኩት። እያንዳንዱ ልጅ በስልኩ ይገባል፤ ራሱ አረንጓዴ ነጥብ ይሆናል። ዶሪያ ያየ ሰው ቦታውን ይነካል፣ በሁሉም ስልክ ላይ ቀይ ይበራል። ሉብና ጌሙን የምታስቀምጥበት ሰርቨር ውስጥ ነው ያደረግኩት፣ ቦታው ሰፊ ነው። አልጠየቅኳትም። ከስልኬም እገባበታለሁ፤ ወጥ እያማሰልኩ መክፈትም መዝጋትም እችላለሁ።

ይመር፣ "ስሙን ማን እንበለው?" አለኝ።

"ጎረቤት በሉት።"

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ

ሱብሒ ሰግጄ ስልኬን ስከፍት ቀይ በርቷል። አረንጓዴዎቹ ከማዕዘኑ ላይ እንደ ወፍ ተበተኑ። አንድም አልተያዘ። አንድም!

ይመር የድምፅ መልእክት ላከልኝ፤ ከጀርባው ሁሉም ይጮሃሉ፣ ይስቃሉ። ሙሉጌታ ስልኩን ነጥቆ፣ "እህቴ፣ እመቤቴ ማርያም ትጠብቅሽ! አይ ይቅርታ፣ አላህ ይጠብቅሽ! ሁለቱም!"

ለመዳም ቁርስ ሳቀርብ "ምን ሆነሽ ነው የምትስቂው?" አለችኝ። ምንም አልኳት። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ሰባ ሦስት ሰው ገብቷል። ከመንሱራ ሰፈርም ጀምረዋል። የማላውቃቸው ናቸው።

ሉብና ስለ ይመር ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ። ቆንጆ ልብ ነው ያላት። "ውድድሩን ካሸነፍን ባባን አነጋግረዋለሁ፤ ብዙ ሰው ያውቃል። ኢቃማ ያወጡለታል፣ ኢንሻአላህ" አለችኝ። "ካሸነፍን" ነው ያለችው፤ "ካሸነፍኩ" አላለችም። ልብ ብዬ ሰማሁ።

ለይመር አልነገርኩትም። ሲሆን ይስማ።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ዛሬ ሉብና ራሷ ጠላት ሆና ተጫወተች። አንዱን ጅብ ሳትመታው ማረከችው፤ ውስጡ ገባች። ከዚያ በስክሪኑ ላይ ሁሉም ታዩ። ሃያ አራቱም ጅቦች፣ የተደበቁትም፣ ያረፉትም፣ እያንዳንዳቸው የት እንዳሉ። የተማረከው ጅብ መማረኩን መረቡ አያውቅም፤ እንደ ወንድም ሁሉን ይነግረዋል። አንድ በአንድ ለቀመቻቸው። አራት ደቂቃ አልፈጀባትም።

"ይሄ ስህተት ነው፣ አስተካክለዋለሁ" አልኳት።

"እንዳትነኪው! ከጌሙ ሁሉ ጣፋጩ ይሄ ነው!" እያለች ታጨበጭባለች።

ጎረቤትም እንዲሁ ነው የተሠራው።

መቶ አሥራ ሁለት ሰው አለበት።

ማስተካከል ይቻላል። አረንጓዴዎቹን መደበቅ ነው፤ አንዱ የሌላውን ቦታ እንዳያይ። ግን ከሥሩ ነው የሚፈርሰው፣ ሁለት ቀን መዘጋት አለበት። ዓርብ እጀምራለሁ።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ዓርብ የመዳም እህቶች መጡ። ቅዳሜ ምንጣፍ ስናጥብ ዋልን። ሉብና ደግሞ ሃያ አራቱን ጅቦች ስድሳ አድርጊልኝ አለች። ነገ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ነገ።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ወገቤ ተቆርጧል። ወደ መንፉሐ አልሄድኩም፣ ሉብና ለመነችኝ፣ ቀኑ ደረሰ አለች። ከይመር ጋር በስልክ አወራን።

"እታለም፣ ስተኛ ላጥፋው እንዴ? ሙሉጌታ ባትሪ ይጨርሳል እያለ ይነተርከኛል።"

"አታጥፋው።"

"ስተኛ ምን ታደርጊበታለሽ?"

"ጠዋት ስነሳ አንተን አይቼ ነው ቀኔን የምጀምረው።"

"እሺ በቃ። አንቺ ካልሽ።"

ስለ መረቡ ቀዳዳ አልነገርኩትም። ምን ያስደነግጠዋል? እስከ ዛሬ ማን ተያዘ? ሳይደፈን አንድ ሳምንት አያድርም።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ

ሉብና በስልክ ስታወራ ሰማሁ፤ ልብስ እያጠፍኩ ነበር። "አዎ፣ መረቡንም ራሴ ነኝ የጻፍኩት… አይ፣ ማንም አልረዳኝም።"

ለውድድሩ እንዲህ መባል ሳይኖርበት አይቀርም፤ ሕጉ ይሆናል። ካሸነፍን በኋላ ትነግራቸዋለች። ከክፍሏ ስትወጣ እኔን አይታ ቸኮሌት ሰጠችኝ።

ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ

ሐሙስ ጠዋት ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ዳኞቹ ካሉበት ሆነው በኢንተርኔት ይጫወቱታል። ሉብና እህል አትቀምስም። እኔም እንቅልፍ የለኝም። የጎረቤትን ነገር ዓርብ፣ ዓርብ፣ ዓርብ። ወላሂ ዓርብ።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

ሙሉጌታን ያዙት። ስልኩ ክፍት ነበር

ነጥቦቹ

ይመር አያነሳም

ያ ረቢ ያ ረቢ

ታኅሣሥ 4፣ ዓርብ

በሥርዓት ልጻፈው። እንደሆነው።

ትናንት አራት ሰዓት ሲሆን ሉብና በሯን ዘግታ ከዳኞቹ ጋር ጀመረች። እኔ ወጥ ቤት የሞሎኪያ ቅጠል እየቀነጠስኩ ነበር፣ መዳም አጠገቤ ተቀምጣለች። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። የይመር ድምፅ ነው፤ እያለከለከ፤ "እታለም፣ ሙሉጌታን መንሱራ መንገድ ላይ ፈትሸው ያዙት። ስልኩን እጁ ላይ እንዳለ ነጠቁት፣ ጎረቤት ተከፍቶ ነበር። እና ካርታው…" እዚያ ላይ ቆመ።

ካርታውን ከፈትኩ። አንድ ቀይ የለም። ማን ይንካ? አረንጓዴዎቹ በየክፍላቸው ናቸው። ከዚያ ከአንድ ቤት አራቱ አንድ ላይ ወጥተው መንገዱ ላይ ቆሙ። ከጎኑ ካለው ቤት ስድስት። ከዚያ እነ ይመር ክፍል። እንደ ዶቃ በአንድ ክር ተሰኩ። ከሙሉጌታ ስልክ ጋር ሠላሳ አንድ ነጥብ ሆነው በአንድ መስመር፣ በእኩል ፍጥነት፣ ወደ ደቡብ መንቀሳቀስ ጀመሩ። አውቶቡስ ነው። ይመር ከመጨረሻ ሁለተኛው ነበር።

"ቅጠሉን ከነግንዱ እየከተትሽ ነው" አለችኝ መዳም።

ካርታውን ለመዝጋት የሉብና ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ ካርታውና ጌሙ አንድ ሰርቨር ላይ ስለሆኑ ሁለቱም አብረው ነው የሚዘጉት። ሉብና ደግሞ በሯን ቆልፋ ነበር። ሃያ ደቂቃ ገደማ ይሆናል የፈጀው፤ ምናልባት ትንሽ ቢበልጥ። በሩን ደበደብኩ። ስትከፍተው ገፍቻት ገባሁ። ለቀሩት "ስልክ አጥፉ፣ ከቤት ውጡ" ብዬ ላክሁና ሁሉንም ዘጋሁት። የዳኞቹ ስክሪን ጠቆረ።

ሉብና መጀመሪያ ምንም አልገባትም። "ምን አደረግሽ? ኢክላስ፣ ምን አደረግሽ?" ትላለች እጄን ይዛ። ከዚያ ጮኸች። መዳም ሞሎኪያ በእጇ እንደያዘች በር ላይ ቆማለች።

ሰማንያ አንዱ አልተያዙም። ይሄንንም ልጻፈው። ሰማንያ አንዱ ወጥተዋል።

ታኅሣሥ 7፣ ሰኞ

ባባ ትናንት ወደ መጅሊሱ፣ ወደ እንግዳ መቀበያው፣ ጠርቶኝ ሉብናና መዳም ባሉበት አነጋገረኝ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

"በልጄ ስም በተመዘገበ ቦታ ላይ ነው ያደረግሽው። ነገ መጥተው ሉብናን ቢጠይቋት ምን ትበል?"

እውነቱን ነው። አንድም ቀን በዚህ በኩል አላሰብኩትም።

"ወንድሜስ?" አልኩት። "ሉብና ኢቃማ ያወጡለታል ብላኝ ነበር።"

"በየመን በኩል ለገባ ሰው?" ወደ ሉብና ዞረ። "ማን ነው ይሄን ያለሽ?"

ሉብና ምንጣፉን ታያለች። "የሚቻል መስሎኝ ነበር" አለች።

መዳም፣ "ኸላስ፣ ኹሩጅ" አለች። መውጫ ቪዛ ይመታልኛል፣ ወደ አገሬ እሸኛለሁ። ጠፋች ብለው ሊያመለክቱብኝ ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም።

ሉብና ኋላ ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል መጣች። "ብትነግሪኝ ኖሮ ለብቻው ቦታ እሰጥሽ ነበር" አለችኝ። ዓይኗ አብጧል። ይሄን ስትል እውነቷን ይሁን አይሁን አላውቅም። የምታውቅም አይመስለኝም።

ታኅሣሥ 10፣ ሐሙስ

ይመር ደወለ! በሕይወት አለ። ተርሂል ናቸው፣ ሰው ወደ አገሩ እስኪሸኝ የሚቆይበት። ሠላሳ አንዱም አንድ አዳራሽ ውስጥ ናቸው። ጋሽ ሰዒድ የሚባሉ ትልቅ ሰው ደብቀው ያስገቡት አንድ ስልክ አለ፣ በየተራ ነው የሚደውሉት።

"ቁርጭምጭሚትህስ?"

"ደህና ነው። እዚህ ማን ያሯሩጠኛል?" ሊስቅ ሞከረ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። "ያ ውሻ ነው የሸጠን።"

"ማን?"

"ሙሉጌታ ነዋ! እሱ በተያዘ በግማሽ ሰዓት እያንዳንዱን በር አንኳኩ። ነጥቦቹ እኛ መሆናችንን ሌላ ማን ይነግራቸዋል? አልተናገርኩም እያለ ይምላል። ሸይጣን! ትናንት አንዱ በቡጢ ጥርሱን አወለቀለት። ከማዕድ አግልለነዋል፣ ግድግዳ ሥር ብቻውን ነው። ምግብ የሚሰጡን በትልቅ ትሪ ለአሥር ለአሥር ሰው ነው፣ አብሮት የሚቀርብ የለም። እንጀራ ከአንድ ትሪ በልተን፣ እታለም! ሁለት ዓመት!"

እኔም ልነግረው አፌን ስከፍት ስልኩ ተቋረጠ።

ታኅሣሥ 11፣ ዓርብ

ሲደውል እነግረዋለሁ። መልሼ መደወል አደጋ ሊሆን ይችላል፣ ስልኩ ቢጮህባቸውስ።

ሙሉጌታ ስልኩን ለምን ክፍት አድርጎ ይዞ ይሄዳል? መንገድ ላይ? ትንሽ ጥንቃቄ ቢያደርግ ኖሮ።

ዝናብ ዘንቧል። የሰፈራችን የመላዝ ሰው ሁሉ ዝናብ ለማየት በረንዳ ላይ ወጥቷል። ልብስ አስገባሁ።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

ሙሉጌታ ምን ጥፋት አለው? ስልኩን የከፈተው ዶሪያ ቢያይ ለሌሎቹ ለመንገር ነው። ለዚያ አይደል የሠራሁት?

ታኅሣሥ 14፣ ሰኞ

በሥርዓት ልጻፈው ብዬ ነበር፤ አልጻፍኩትም።

ስልኩ አልተቋረጠም። እኔ ነኝ የዘጋሁት። ይመር "እታለም?" ሲል ሰምቼ ነው የዘጋሁት።

የሉብና ኮምፒውተር አያስፈልግም ነበር። በስልኬ መዝጋት እችል ነበር፤ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ሦስት ጊዜ መንካት ነው። ሃያ ደቂቃም አይደለም። የይመር መልእክት የደረሰኝ አራት ሰዓት ከአሥር ነው፤ የዘጋሁት አምስት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው። አርባ ደቂቃ። የመጀመሪያዎቹ አራት ሲወጡ አይቻለሁ። ስድስቱ ሲወጡ አይቻለሁ። ጣቴ መዝጊያው ላይ ነበር። ዳኞቹ አምስት ሰዓት ይጨርሳሉ፣ ከዚያ እዘጋዋለሁ፣ ከዚያ ሉብና ታሸንፋለች፣ ከዚያ ባባን ታነጋግረዋለች፣ ከዚያ ይመር ኢቃማ ያገኛል እያልኩ ነበር። የይመር ነጥብ ከክፍሉ ስትወጣ እንኳ ወዲያው አልዘጋሁም። ትመለሳለች ብዬ ጠበቅኳት።

ተኝቶም እንዳያጠፋው የነገርኩት እኔ ነኝ።

አሁን የሙሉጌታ ጥርስ ወለቀ፣ እኔ ጥርሴን ፍቄ ሻንጣ እያዘጋጀሁ ነው።

ታኅሣሥ 16፣ ረቡዕ

ቪዛው ተመታ። በረራዬ ቅዳሜ ነው። እነ ይመር መቼ እንደሚሸኙ ማንም አያውቅም።

ከምሳ በኋላ፣ መዳም ስትተኛ፣ ይመር የደወለበት ቁጥር ላይ ደወልኩ። ጋሽ ሰዒድ አነሱት። የይመር እህት ነኝ አልኳቸው።

"ቆይ ልጥራልሽ፣ ልጄ።"

"አይ፣ ጋሼ። ድምፁን ለሁሉም ይክፈቱልኝ። ሁሉም ይስማ። ሙሉጌታም።"

"ምግብ ሊመጣ ነው፣ ሰው ተሰብስቧል። በይ።"

"ሙሉጌታ አልሸጣችሁም" አልኩ። "ጎረቤትን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ኢክላስ። አንድ ስልክ በፖሊስ እጅ ከገባ ሁላችሁም የት እንዳላችሁ ይታያል። ይሄን ከመያዛችሁ ከሦስት ሳምንት በፊት አውቄ ነበር። ነገ አስተካክለዋለሁ እያልኩ ተውኩት። ሙሉጌታ አያውቅም፣ ይመርም አያውቅም። አንድም ቃል መናገር ሳያስፈልገው ስልኩ ብቻ ነው ያሳያችሁ። በዚያን ቀንም በስልኬ ልዘጋው እየቻልኩ አርባ ደቂቃ ቆሜ አየሁ።"

ከሩቅ አንዱ ረገመኝ። ተገቢ ነው።

ከዚያ የይመር ድምፅ፤ ወደ ስልኩ አልቀረበም፣ ካለበት ነው። "ለምንድነው ቆመሽ ያየሽው?"

"ኢቃማ ያወጡለታል ብለውኝ ነበር" አልኩ። "ለአንተ።"

ቆይቶ የትሪ ኮሽታ ሰማሁ፣ የሰው እግር። ጋሽ ሰዒድ ስልኩን ሳይዘጉ ወደ ሌላ በኩል ሲናገሩ ይሰማኛል። "ሙሉጌታ። ና ወንድሜ፣ ተነስ። እጅህን ታጠብና ና። እናንተ ጠጋ በሉለት። ጠጋ በሉ እንጂ!" አንድ ሰው ማልቀስ ጀመረ። ማን እንደሆነ አላወቅኩም፤ ወንድ ልጅ ሲያለቅስ ሁሉም አንድ ነው።

"ይመርን ይስጡኝ፣ ጋሼ። በነቢ።"

"ፊቱን አዙሯል፣ ልጄ። ዛሬን ተይው።"

ዐስርን ሰገድኩ። ሻንጣዬን ዘጋሁ፣ ቀላል ናት። መዳም የእናቷን ሻርፕ አምጥታ ሻንጣው ላይ አስቀመጠችልኝ።

ከመግሪብ በኋላ ስልኩ ጠራ። ይመር መስሎኝ ሰሐኑን ከእጄ ጥዬ ሮጥኩ። ሙሉጌታ ነበር። አፉ ስላበጠ ንግግሩ በደንብ አይሰማም።

"እህቴ" አለ። "በላሁ።"

ይህን ብቻ ነው የተናገረው። ከዚያ ተራው የሌላ ሰው ሆነ።